የኮኩ ዛፍና የሐይቁ መረብ

አምና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ከጓሮ የሚመጣ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጩኸት አልነበረም። የሆነ ነገር ቅጠል ውስጥ ይንፈራገጣል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይንፈራገጣል። የጎረቤት ዶሮ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ። ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ የከረመው ያ ተገላብጬ የተኛሁት ግማሽ ሰዓት ነው።

ጓሮው የእናቴ ነው፣ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ። አንድ የኮክ ዛፍ አለን። አባቴ ከማረፉ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተከለው ነው። እናቴ ስለ ዛፉ ስታወራ ስለ ሰው የምታወራ ነው የሚመስለው። «ዘንድሮ ደክሞታል» ትላለች። «ዛሬ ደስ ብሎታል» ትላለች።

ለደሴ ሰው ስለ ክረምት ኮክ አይነገረውም። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ አጥር ድረስ ሲመጣ፣ ዝናቡ አላባራ ሲል፣ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ መለስ ማለት ይጀምራል። እናቴ የመጀመሪያውን ሰሃን ሁሌም የምትልከው ለሐጂ ቤት ነው። ሐጂ በግንብ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ይጠጋል። በኢድ ከእነሱ ቤት ሰሃን ይመጣል፣ በክረምት ከእኛ ቤት ሰሃን ይሄዳል። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እንዲህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሰሃኑ አልሞላ አለ። ወፍ ጨረሰው። ካቻምና እናቴ ከዛፉ ሥር የወደቀውን የተበሳሳ ኮክ በመጥረጊያ ስትሰበስብ አየኋትና አንጀቴ ተቃጠለ። «ዘንድሮም ለሐጂ የምልከው የለኝም» አለች። መረብ ፍለጋ ያስወጣኝ ይሄ ነው።

ማን እንደበላው ፍሬው ላይ ይታያል

መጀመሪያ ሌባውን መለየት ነበረብኝ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ እኔን ግን በጣም ጠቅሞኛል። ወፍ የበላችው ፍሬ ላይ ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ጥልቅ ነው፣ ምንቃር የገባበት መሆኑ ያስታውቃል። አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው ትሄዳለች። በቀዳዳው ጉንዳንና ተርብ ይገባል፣ በማግስቱ ፍሬው ይሸታል። አይጥ ወይም ሽኮኮ የነካው ደግሞ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ሁለት የጥርስ መስመሮች አሉት፣ በመሮ የተፋቀ ነው የሚመስለው። የሌሊት ወፍ ከሆነች ማታ ደህና የነበረው ፍሬ ጠዋት የለም፣ ከሥር ጭማቂው ተመጦ የተተፋ ገለባ መሳይ ነገር ታገኛላችሁ።

የእኛን የሚበሉት ሁለት ዓይነት ወፎች ናቸው። አንዷ ራሷ ጠቆር ያለ፣ ማለዳ የምትዘፍነው ናት። ብቻዋን ወይም ጥንድ ሆና ትመጣለች፣ ትንሽ ትቀምሳለች፣ ትሄዳለች። ችግሩ ሌላዋ ጋ ነው። እኛ ቤት «ጭራ ረጅሟ» ነው የምንላት። ቡናማ ናት፣ ጉትዬ አላት፣ ጭራዋ ከሰውነቷ በጣም ይረዝማል። ብቻዋን አትመጣም። ስምንት አሥር ሆነው አንዷ ሌላዋን እየተከተለች ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ እንደ አይጥ በቅርንጫፉ ላይ እየተሳቡ፣ ሲያሻቸውም ቁልቁል ተዘቅዝቀው ይበላሉ። ፍሬ ሲያጡ ለጋ ቅጠልና እምቡጥ ይበላሉ።

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ነው የምትወርዱት። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ አየሩም ዛፉም ይለወጣል። እሷ ማንጎ፣ ዘይቱንና ፓፓያ ነው ያላት፣ የምትጣላውም ከሽኮኮ ጋር ነው። የድንጋዩን ሽኮኮ ማለቴ አይደለም፣ የዛፉን፣ ጭራው ጎፈር ያለውን። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባል የለ፣ የፍሬ ሌባም እንዳገሩ ነው።

ከካሴት ክር እስከ መረብ

ያልሞከርነው ነገር የለም። የድሮ ካሴት ክር ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወጠርን፣ ነፋስ ሲነካው እየጮኸ ያብለጨልጫል። ሲዲ ሰቀልን። የአባቴን አሮጌ ካፖርት አልብሰን ማስፈራሪያ አቆምን። እሱን እናቴ በሁለተኛው ቀን አወረደችው። ጠዋት መጋረጃ ስትከፍት ካፖርቱን ዛፉ ሥር ቆሞ ስታየው ልቧ ቀጥ ይላል። ምን ብዬ ልከራከራት?

ሁሉም ሦስት አራት ቀን ይሠራል። ከዚያ ወፎቹ ይለምዱታል። አጎቴ ልጅ ሳለ ቆላ ወርዶ ማሽላ ጠብቋል፣ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጅራፍ። «ወፏን የሚያባርራት ድንጋዩ አይደለም፣ እኔ እዚያ መዋሌ ነው» ይላል። ያኔ ሰምቼ አለፍኩት።

ስለ ወፍ ጉዳት ሲወራ እኛ አገር ሁሉም ሰው የሚያስበው ግሪሳን ነው። ግሪሳ የእህል ወፍ ናት። በመንጋ መጥታ የገበሬውን ማሽላ በቀናት ውስጥ ታወድማለች፣ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጭባታል። የጓሮ ፍሬ የሚበሉት ሌሎች ናቸው። እኔ ግን የተቆጣሁት ልክ ማሽላው እንዳለቀበት ገበሬ ነበር። ለአንድ ዛፍ ኮክ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የአጎቴ ልጅ ከሐይቅ መጣ። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓሣ ይወጣበታል፣ ያገለገለ መረብም አይጠፋም። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይዞልኝ መጣ። በነጻ። ክሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ሲሉ አይታይም። ይሄ አለመታየቱ ደስ አለኝ። የጓሮውን መልክ አያበላሽም ብዬ።

ግማሹን ለኮምቦልቻ አክስቴ ላክሁላት። የቀረውን መሰላል አቁሜ ዛፉ ላይ ጣልኩት። አልወጠርኩትም። እንደ ነጠላ ነው ጣል ያደረግሁት፣ ትርፉ እስከ መሬት ተንጠለጠለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ልጅ ሳለሁ በእጅ ጽሑፍ ደብተር ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ሐጂ በግንቡ በኩል አዩኝ። «ምን እየሠራሽ ነው የኔ ልጅ?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ተይው እንጂ። ሰው ዛፍ ተክሎ ሰው ቢበላለት፣ እንስሳ ቢበላለት፣ ወፍ ቢበላለት ሰደቃ ነው። የተሰረቀበት እንኳ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል።»

በአክብሮት ፈገግ አልኩ። በሆዴ ግን «ሰደቃማ ወዶ የሰጡት ነው፣ የተነጠቁት እንዴት ሰደቃ ይሆናል?» እል ነበር። ደግሞ እኮ ያሳሰበኝ ለእሳቸው የሚሄደው ሰሃን ነው። ይሄን ግን አልነገርኳቸውም።

ያቺ ጠዋት

በሦስተኛው ቀን ነው። እናቴ ጠራችኝ፣ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። በባዶ እግሬ ወጣሁ።

አራት ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል። አንዷ ከታችኛው ቅርንጫፍ ሥር፣ መረቡ በተጨማደደበት በኩል፣ ክንፏ እንደተዘረጋ ቀርታለች። ሌላዋ አጠገቧ ናት። ሦስተኛዋ በአንድ እግሯ ተንጠልጥላ ቁልቁል ተዘቅዝቃለች። ስጠጋት መንፈራገጥ ጀመረች፣ ሌሊት የሰማሁት ድምፅ ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። አራተኛዋ እጄ ከማይደርስበት ከላይ ናት። ያልተያዙት አልሄዱም። የሐጂ ግንብ ላይ ተደርድረው ይጮኻሉ።

እናቴ ነጠላዋን አወረደችና የተንጠለጠለችውን ራሷን ሸፍና ጠቀለለቻት። ወዲያው ጸጥ አለች። እናቴ ይሄን የምታውቀው ከዶሮ ነው። እግሯ ቀላ ያለ ነው፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን። ክሩ እግሯ ላይ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሟል። በታገለች ቁጥር ጠብቆ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል፣ ከላይ አይታይም። የልብስ መቀስ አልገባ አለ። የጥፍር መቀስ አመጣሁ፣ እሱም ወፈረ። በመጨረሻ እናቴ ክሩን በመርፌ ጫፍ ከፍ እያደረገችልኝ፣ እኔ በምላጭ ጥግ አንድ አንድ እየቆረጥኩ ፈታናት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እውነት ነው፣ ብቻዬን ብሆን ክሩን ስል እግሯን እቆርጠው ነበር። ልቧ በነጠላው ውስጥ እጄ ላይ ይሰማኛል። ምቱ አይቆጠርም፣ ስልክ ሲነዝር እንደሚሰማው ነው።

በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ነገር አየሁ። ምንቃሯ ዳር ላይ የኮክ ሥጋ ደርቋል። በልታለች ማለት ነው። እስከ መሬት በተንጠለጠለው ትርፍ ሥር ገብታ፣ በልታ፣ ልትወጣ ስትል ነው የተያዘችው። መረቡ ፍሬውንም አልጠበቀልኝም።

እጄ ውስጥ ይዣት እያለሁ ነው ነገሩ የገባኝ። ይሄ መረብ የተሠራው ለዚህ ነው። ዓሣው እንዳያየው ቀጭን ሆነ። ዓሣው ራሱን አስገብቶ መመለስ እንዲያቅተው፣ በታገለ ቁጥር እንዲጠብቅበት ተደርጎ ተሠራ። መረቡ ሥራውን ነው የሠራው። አይታይም ብዬ የወደድኩት መረብ፣ ስላልታያቸው ያዛቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል የምናስበው ስለ ድሩ ነው። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ተረቱን በሰማሁ ቁጥር የምትመጣብኝ የታሰረችው ናት።

አራተኛዋን የሐጂ የልጅ ልጅ መሰላል ወጥቶ አወረዳት፣ እሷን የያዛት ክንፏ ላይ ስለነበር ቶሎ ተፈታች። ሁለቱን ጎኑ የተበሳ ካርቶን ውስጥ አድርገን ጨለማ ክፍል አስቀመጥናቸው፣ ድንጋጤው እስኪወጣላቸው። ሐጂ ወጥተው አዩ። ምንም አላሉም። ስለ ሰደቃው ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ስንከፍት አራተኛዋ ቀጥ ብላ በረረች። እግሯ የተጎዳችው አልተነሳችም። በማግስቱ ጠዋት ሞታ አገኘናት። ክር ደም የዘጋበት እግር ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፣ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ሌሊት ስትንፈራገጥ የሰማኋት እሷ ትሁን አትሁን እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን እሷ ናት ብዬ ነው የማስበው። ያኔውኑ ተነስቼ ብወጣ ኖሮ ክሩ ያን ያህል አይጠብቅም ነበር።

ለኮምቦልቻ አክስቴ የደወልኩት እዚያው ዛፉ ሥር ቆሜ ነው። «ያን መረብ አውርጂው፣ አሁኑኑ» አልኳት። «እሱንማ ሽኮኮው በጣጥሶ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎታል» አለች። ናይሎን ጥርስ ያለውን እንስሳ አያቆምም። ያልተበጣጠሰው ቦታ ግን ወፍ ይይዛል። አውርጄዋለሁ እስክትለኝ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም። የእኛን በመቀስ ቆራርጠን ጣልነው። ሙሉውን ብንጥለው ቆሻሻው ላይ ሌላ ነፍስ ይይዛል።

ጣት የማያስገባ

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ዋናው ነገር የቀዳዳው ስፋት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጓሮ ፍሬ መሸፈኛ መረብ ተወጥሮ ሲለካ ቀዳዳው ከ5 በ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በሕግ ደንግጓል። ለሰው የሚነገረው ቀላሉ መለኪያ ጣት ነው። ጣት ካለፈ ያ መረብ ፍሬ ላይ አይሰቀልም። የእኔው ሦስት ጣቴን አብሮ ያስገባ ነበር።

ሌላው መወጠር ነው። ልል መረብ ይጠመጠማል፣ የተወጠረ መረብ ወፏን ያነጥራታል። ቅርንጫፉ ላይ በቀጥታ ከተኛ ደግሞ ወፏ ውጭ ሆና በቀዳዳው ትበላለች። ስለዚህ በአጠና ወይም በቀርከሃ ማዕቀፍ ሠርቶ ከዛፉ ራቅ ማድረግ፣ ታችኛውን ጠርዝ በድንጋይ መጫን ነው። ቀለሙ ነጭ ቢሆን ይሻላል፣ በድንግዝግዝም ያዩታል። ከሁሉም በላይ ግን ጠዋትና ማታ ሄዶ ማየት። አጎቴ «እኔ እዚያ መዋሌ ነው» ያለው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እኔ መረብ የሰቀልኩት እዚያ ላለመዋል ነበር።

ሽኮኮ ላስቸገረው ናይሎኑን ይርሳው። ዛፉ ከሌላ ዛፍና ከጣሪያ ራቅ ብሎ ብቻውን የቆመ ከሆነ ግንዱን በቆርቆሮ መጠቅለል ነው፣ ጥፍሩ ይንሸራተታል። ቅርንጫፉ ከአጥር ጋር ከተነካካ ግን ቆርቆሮውም ዋጋ የለውም።

አክስቴ «አጎበርስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ ወፍ አይዝም፣ እውነት ነው። ግን አጎበሩ በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ነው። የሚበላ ነገር ላይ አላስነካውም፣ ንብም ይጎዳል። ደግሞ ኮምቦልቻ ወባ አለ። አጎበሩ የሚሰቀለው ልጆቹ የሚተኙበት ነው አልኳት፣ እሷም አልተከራከረችኝም።

ከነጭራሹ መረብ የማያስፈልገው ፍሬም አለ። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይለሰልስም፣ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ፓፓያ ቢጫ መስመር ማሳየት ሲጀምር ተቆርጦ ቤት ይበስላል፣ ማንጎም ከጎለመሰ እንደዚያው። ኮክም አረንጓዴው ወደ ቢጫ መለስ ሲል ተለቅሞ ቤት ይበስላል፣ ዛፉ ላይ የበሰለውን ጣዕም ባይደርስበትም። ወይንና ብርቱካን ግን ከተቆረጡ በኋላ አይበስሉም።

መጋረጃው

ዘንድሮ የሠራነውን ሐሳብ ያመጣችው እናቴ ናት። ሰኞ ገበያ ሄዳ ከሰልባጅ ነጭ ስስ መጋረጃ ገዛች። በመርፌ ሰፍታ አሥራ አራት ከረጢት አወጣችለት፣ እያንዳንዱ ትራስ ልብስ ያክላል፣ አፉ ላይ ማሰሪያ አለው። አበባው ረግፎ ፍሬው ጥፍር ሲያክል፣ ንቦቹ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ በየቅርንጫፉ አለበስነው። ዝናቡ ያልፋል፣ ነፋስ ያልፋል፣ የሚጠመጠም ክር የለውም። ጭራ ረጅሟ መጥታ ጨርቁን በምንቃሯ ነካ ነካ አድርጋ ስትሄድ አይቻለሁ።

ያለበስነው እጃችን የሚደርስበትን ብቻ ነው። የላይኛው ሙሉ በሙሉ የእነሱ ነው። መሰላል ብናቆም ልንደርስበት እንችል ነበር፣ እናቴ «ይቅር» አለች። እኔም ይቅር አልኩ። ጠዋት ጠዋት ቡና ሳይፈላ ወጥቼ ከረጢቶቹን አያለሁ፣ ከላይ ሆነው ይበላሉ፣ ፍርፋሪው ራሴ ላይ ይወርዳል።

ከሐጂ ጋር ያን ወሬ ያነሳነው ገና በቅርቡ ነው። አምና በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። «ሐጂ፣ የተነጠቀ ነገር እንዴት ሰደቃ ይሆናል?» አልኳቸው።

«ለአንቺ ነው ያልኩሽ?» አሉ። «ለተከለው ነው እንጂ። ለአባትሽ።»

ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰጪዋም ተነጣቂዋም እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ዛፉን የተከልኩት እኔ አይደለሁም። አባቴ ችግኙን ሲተክል ማን ይበላዋል ብሎ እንደነበር አላውቅም፣ አልጠየቅሁትም። ግን ጠዋት ቁርስ ሲበላ ከእንጀራው ቆርሶ ደጃፍ ላይ ለድንቢጦች የሚበትነው እሱ ነበር። ይሄን እንዴት እንደረሳሁት አይገባኝም።

ትናንት እናቴ የመጀመሪያውን ከረጢት ፈታች። ዘጠኝ ኮክ ነበረበት። አንዱ ትል ገብቶበታል፣ ስምንቱ ደህና ናቸው፣ በአንድ በኩል ቀላ ያሉ። አምስቱን በሰሃን አድርጋ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ለሐጂ ቤት ላከች። ሰሃኑ እስካሁን አልተመለሰም። እነሱ ቤት ሰሃን ባዶውን መመለስ ነውር ነው።